የሳሎን ምንጣፍ ከመግዛትዎ በፊት የቡናውን ቦታ ይወስኑ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን አራት ሜትር በአራት ሜትር ተኩል ሲሆን ወለሉ ሴራሚክ ነው። ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር እንኖራለን። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ በከሰል ይፈላል፤ የጽዋ ማኅበር ተራ ሲደርሰን ደግሞ ከሃያ ሰው በላይ እናስተናግዳለን። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በ14,000 ብር የገዛነው ነጣ ያለ፣ ጸጉረ ረጅም ምንጣፍ ዛሬ መሐሉ ተኝቶ ቀርቷል፣ አንዱ ጥግ በፍም ተቃጥሏል፣ ከሶፋው ፊት ያለው ደግሞ የወጥ ቅባት ይዞ ጠቁሯል። አሁን 30,000 ብር ገደማ አጠራቅሜያለሁ። አንድ ነጋዴ ‹ንጹሕ ሱፍ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል› ብሎ አንድ አሳይቶኛል። ባለቤቴ ግን ‹በዚህ ቤት ምንጣፍ አይበረክትም፤ ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈን እንገላገል› ይላል። ምን ብገዛ ይሻለኛል?»

የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ብዙ ሰው «ጠንካራ ምንጣፍ ንገሩን» ብሎ ብቻ ሲጽፍልን እርስዎ ግን የቀድሞው ምንጣፍዎ እንዴት እንደተበላሸ ቦታ በቦታ ነግረውናል፤ መልሱም ያለው እዚያው ውስጥ ነው። መሐሉ የተኛው በእግር ብዛት ነው፣ ጥጉ የተቃጠለው በፍም ነው፣ የሶፋው ፊት የጠቆረው በቅቤ ነው። ሦስቱ የተለያዩ ጠላቶች ናቸው። ውሃ የማያስገባው ክር ቅቤን ስቦ ይይዛል፤ በቀላሉ የሚታጠበው ክር ፍም ሲነካው ይቀልጣል፤ ፍምን የሚታገሠው ደግሞ በረኪናንና ብልን አይችልም። ስለዚህ ሦስቱንም እኩል የሚቋቋም ምንጣፍ ለማግኘት መርካቶን ከማሰስ ይልቅ ከሦስቱ አንዱን ከምንጣፉ ላይ ማንሣት ይቀላል፤ ሊነሣ የሚችለውም ፍሙ ነው። ልጆቹንና እንግዳውን ከሳሎን ማስወጣት አይቻልም፤ ማንደጃውን ግን አንድ ሜትር ተኩል ፈቀቅ ማድረግ ይቻላል።

ይህን የምልበትን ምክንያት ላስረዳ። በገበያችን «የቱርክ ምንጣፍ» እየተባለ የሚሸጠው የማሽን ሥራ ምንጣፍ፣ አብዛኛው፣ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በተሠራ ክር የተሸመነ ነው። ይህ ክር ከ160 እስከ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ከማንደጃ የወደቀ ቀይ ፍም ደግሞ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በቤቴ አንድ እሑድ ከዕጣን ማጨሻው ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ፍም ተንከባሎ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። አጠገቡ የነበረችው ልጅ በሻይ ማንኪያ ለማንሣት የፈጀባት ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰኮንድ ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጸጉሩ ቀልጦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ የደረቀ ሙጫ የመሰለ ጥቁር እንክብል ሆኖ ቀረ። ያ እንክብል ታጥቦ አይለቅም፣ ተቦርሾ አይነሣም፤ በባዶ እግር ሲረግጡት ይወጋል። ከጥቂት ወራት በኋላ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁት፤ በቦታው የምንጣፉን ጀርባ የሚያሳይ ቀዳዳ ተተካ።

ሱፍ ግን አይቀልጥም። እሳት የሚይዘው ከ570 እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ፍም ቢወድቅበት የነካው ቦታ ብቻ ከስሎ ራሱን ያጠፋል፣ የከሰለውንም በጥፍር ወይም በደረቅ ብሩሽ ቢያራግፉት ጉዳቱ ከላይ ብቻ ሆኖ ሊታለፍ ይችላል። ከእኛ ቤት ባህል ጋር ሲታይ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ሆኖም ሱፍ ስለሆነ ብቻ ማንደጃ ይቀመጥበት ማለት አይደለም፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ፍም የሚያይ ሱፍ እንደ ወንፊት መበሳሳቱ አይቀርም።

እንግዲህ የሳሎንዎን ልክ ተመልክተን እናስላ። ርዝመቱ 4.5 ሜትር ነው፤ ሁለት በሦስት የሆነውን ምንጣፍ በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ አንደኛው ግድግዳ ካስጠጉት በሌላው ጫፍ 1.5 ሜትር ባዶ ሴራሚክ ይተርፋል። ረከቦቱ፣ ማንደጃውና ማጨሻው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ቄጠማውም የሚጎዘጎዘው እዚያ ብቻ ይሁን፤ እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ ሲረገጥ አረንጓዴ ጭማቂውን ይተዋል፣ አመሻሽ ላይ ተጠርጎ ሲነሣም እርጥበቱ ከታች ይቀራል። ጀበናውም ከእሳት ሲወርድ ማቶቱ ሴራሚኩ ላይ ይሁን እንጂ ምንጣፉ ዳር አይሁን። ሦስት በአራት የሆነ ትልቅ ምንጣፍ ገዝተው አብዛኛውን ወለል ለመሸፈን ይፈልጉ ይሆናል፤ እንደዚያ ካደረጉ ግን ፍሙን ተመልሰው ምንጣፉ ላይ አወጡት ማለት ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የምንጣፉን ልክ በሲባጎ ወይም በጋዜጣ ወለሉ ላይ አስምረው ሁለት ቀን ይኑሩበት። የሶፋው የፊት እግሮች መስመሩ ውስጥ ቢገቡ ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ምንጣፉን ስለሚይዘው አይሸራተትም። በሩም ሲከፈት የምንጣፉን ጠርዝ እንዳይጠርግ ይዩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የቡናውን ቦታ አማትዎን ሳያማክሩ እንዳይለውጡ። ሁለት ጊዜ በቀን እዚያ የሚቀመጡት እሳቸው ከሆኑ፣ በሩን እያዩ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰላም እያሉ መቀመጥ ለምደው ይሆናል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ቦታ ከሰጧቸው በሳምንቱ ማንደጃው ወደ ምንጣፉ ተመልሶ ያገኙታል። ከሁለቱ ጫፎች የሚወዱትን እሳቸው ይምረጡ፤ ምንጣፉ ወደ ቀረው ይሂድ።

ፍሙ ከምንጣፉ ላይ ከተነሣ በኋላ የሚቀሩት እግር፣ ቅቤና ከጫማ የሚራገፈው አሸዋ ናቸው። ለእነዚህ የክሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ይወስናል፤ እንዲያውም የሚገዙት ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ አሠራሩ ይበልጣል። የዚህ ክር ድክመት አንድ ጊዜ ከተኛ ቀና አለማለቱ ነው። ስለዚህ ጸጉሩ ረጅም ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት ይተኛል፤ የእርስዎም ምንጣፍ ያገኘው ዕጣ ይኸው ነው። ጸጉሩ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን ግን ክሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ስለሚቆሙ የሚተኙበት ቦታ የላቸውም። ረጅም ጸጉር ሌላም ዕዳ አለው፤ የፈንዲሻ ፍርፋሪ፣ የቆሎ ገለባና የልጆች ብስኩት ሥሩ ገብቶ አይወጣም።

የፖሊፕሮፒሊን በጎ ጎኑ ግን ቀላል አይደለም። ቀለሙ ክሩ ከመፈተሉ በፊት ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተዋሐደ ስለሆነ በመስኮት በሚገባ ፀሐይም ሆነ በእጥበት ቶሎ አይለቅም፤ ውሃ ስለማይመጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ብል አይበላውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ክብደቱ ራሱ ነገር ነው። ሁለት በሦስት የሆነ ፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ነው፤ ጠቅልለው በትከሻ ሊያወርዱት ይችላሉ። የዚያው ልክ የሆነ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ግን ሁለት ጎረምሶችን ይጠይቃል።

ፖሊስተር ለእጅ ይለሰልሳል፣ ያብረቀርቃል፤ ጸጉሩ ረዝሞ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ለመኝታ ቤት ይሁን፣ ለእናንተ ሳሎን አይሆንም። ናይለን ከሰው ሠራሽ ክሮች ሁሉ የመቋቋም ኃይሉ ይበልጣል፤ ተረግጦ ይነሣል። ነገር ግን እዚህ ገበያ ላይ ለሳሎን የሚሆን ቁራጭ ሆኖ እምብዛም አይገኝምና ካገኙ ብቻ ይያዙት።

ከሁሉም በላይ እንዲጠነቀቁ የምለምነው ቪስኮዝ ከሚባለው ነው። ከእንጨት የሚሠራ ክር ሲሆን ወዙ ሐር ስለሚመስል «ሐር ነው» እየተባለ ይሸጣል። እኔም በዚሁ ተታልዬ አንድ ገዝቼ ነበር፤ ሻጩ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሻይ ሲፈስበት በፎጣ ባደርቀውም የነካው ቦታ ወደ ቢጫነት ተለውጦ እንደ ደረቀ ቅጠል ሻከረ። ይባስ ብዬ ላቫጆ ወስጄው፣ መኪና በሚታጠብበት ግፊት ታጥቦ ሲመለስ ጸጉሩ በየቦታው ተነቃቅሎ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ክር ሲረጥብ ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ያጣል። የሚያብረቀርቅ ምንጣፍ በእጅዎ ሲዳስሱ ቀዝቀዝ ብሎ ቢንሸራተትና ዋጋው ከእውነተኛ ሐር እጅግ ያነሰ ከሆነ ጥለውት ይሂዱ።

አሁን ወደ ነጋዴው «ንጹሕ ሱፍ» እንምጣ። ሰውየውን ዋሽቷል አልልም፤ ግን በገበያ ቋንቋ ለስላሳና ሞቃት የሆነ ሁሉ ሱፍ ይባላል፤ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክርም በዚሁ ስም ይዞራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከጠርዙ ወይም ከጸጉሩ አንድ ሁለት ክር ለመንቀል ያስፈቅዱ፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ክሩን በወረንጦ ይዘው ክብሪት ያስጠጉት። ሱፍ ከሆነ እየተኮማተረ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ እሳቱን ሲያርቁት ይጠፋል፣ ጸጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል፣ የቀረውም ጥቁር አመድ በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ፖሊፕሮፒሊን እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ የሻማ ዓይነት ሽታ አለው፣ ሲበርድም ጠንካራ እንክብል ይሆናል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ እያወጣ በፍጥነት ነድዶ ጥርት ያለ ቅርጽ የሌለው ጠንካራ ጥቁር ቅሪት ይተዋል። ቪስኮዝና ጥጥ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታሉ፣ አመዳቸውም ልም ነው። ክብሪት መጫር ካልፈለጉ ክሩን ቤት ወስደው በትንሽ በረኪና ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ሱፍ ከሆነ ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ግን እንደነበረ ይቆያል። ይህን ሲያዩ በሱፍ ምንጣፍ አጠገብ በረኪና የማይደርሰው ለምን እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አያሻዎትም። የዱቄት ሳሙናም ቢሆን አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ሱፍን ያደርቀዋል።

እውነተኛ ሱፍ የሚፈልጉ ከሆነ ወደ ደብረ ብርሃን ይመልከቱ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። የዚያው አካባቢ የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ የማይመቸው ይህ ሻካራነት ለምንጣፍ ግን ጸጋ ነው፤ ወፍራም ክር ሲረገጥ እንደ ሽቦ ተመልሶ ይቆማልና። በዚያ አገር ብርድ ባና ለብሶ ያደረ ሰው ሱፉ ምን ያህል እንደሚሞቅም እንደሚቆይም ያውቃል። በጉ ራሱ የለበሰው ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ሳይነከር የተሸመነበት ምንጣፍ ቀለሙ አይለቅም፤ የበርበሬ ወጥ ጠብ ቢልበትም ከቡናማው ጋር ይመሳሰላል። በእርጥበትም ጊዜ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚደርስ እርጥበት ሲጠጣ ለእጅ እርጥብ ሆኖ እንኳ አይሰማም፤ ይህ ምቾቱም አደጋውም ነው፤ የደረቀ መስሎ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀራል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ለሶፋው ፊት፣ ልጆች ለሚንከባለሉበትና እንግዳ ለሚተራመስበት፣ ጸጉሩ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ ሁለት በሦስት ፖሊፕሮፒሊን እገዛለሁ። ከሚተርፈው ገንዘብ አንዲት ትንሽ የደብረ ብርሃን ሱፍ ምንጣፍ ገዝቼ ከቡናው ጥግ ጎን፣ ከማንደጃው ክንድ ያህል አርቄ፣ ከአማቴ በርጩማ ሥር አነጥፋታለሁ። ሴራሚክ በክረምት እግር ያቀዘቅዛል። ፍም አምልጦ ቢደርስባት እንኳ ሱፍ ስለሆነች ትከስላለች እንጂ አትቀልጥም። አማትዎ ጥሩ አጎዛ ካላቸው ግን ይህንኑም ወጪ ተርፈዋል፤ አጎዛ ሱፍ ከነቆዳው ነው።

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ ምንጣፉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። በሽመና የተሠራ ከሆነ የፊቱ ጥለት በጀርባውም በግልጽ ይታያል፤ ክሩ ከመሠረቱ ጋር አብሮ ስለተሸመነ በቀላሉ አይነቀልም። ጀርባው ሌላ ጨርቅ በሙጫ የተለጠፈበት ከሆነ ጸጉሩ በመርፌ ተሰክቶ በሙጫ የተያዘ ነው፤ ሙጫው ከተደጋገመ እጥበት በኋላ እየደረቀ እንደ ዱቄት ይራገፋል፣ ጨርቁም ይላቀቃል። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ያጥፉት። በእጥፋቱ ላይ የመሠረቱ ክር ተገልጦ የሚታይ ከሆነ ሳስቷል፤ ጸጉር ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥሩ ነው። አውራ ጣትዎን ተጭነው ለአሥር ሰኮንድ ይያዙና ይልቀቁ፤ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ሶፋዎ የሚተወውን ጠባሳ ከወዲሁ አይተውታል።

ነጋዴዎች የቋጠሮ ብዛት፣ ማለትም ክሩ ከመሠረቱ ጋር የተያያዘባቸውን ነጥቦች ቁጥር፣ ይጠራሉ፤ እርስዎ ራስዎ መቁጠር ይችላሉ። በጀርባው ላይ በማስመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ለክተው ነጥቦቹን ይቁጠሩ። ወደ ጎን 50፣ ወደ ታች 60 ካገኙ ሲባዛ 3,000 ይሆናል፤ ያ በመቶ ሲባዛ በካሬ ሜትር 300,000 ነው። ብዛቱ ብቻውን ግን አያታልልዎት፤ ቀጭን ክር በብዛት ተሸምኖ ቁጥሩ ሊያምር ይችላል። ስለዚህ ልካቸው እኩል የሆኑ ሁለት የሽመና ምንጣፎችን እያፈራረቁ ያንሡ፤ የከበደው ብዙ ክር አለው። ይህ ፈተና በሙጫ ለተሠራው አይሆንም፣ ሙጫው ራሱ ስለሚከብድ። ደግሞም ክሩ የተጠመዘዘና በእንፋሎት የረጋ መሆኑን ይጠይቁ፤ እንዲህ የተሠራው ጫፉ ሲታይ ልክ እንደ ገመድ ጠምዘዝ ያለ ነው እንጂ እንደ ጥጥ አልተበተነም። የማሽን ምንጣፍ ሥራ ዋና ከተማ የምትባለው የቱርኳ ጋዚያንቴፕ ናት፤ ይሁን እንጂ ከዚያው ከተማ ጥሩውም ተራውም ስለሚወጣ «የቱርክ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ነጣ ያለ አይግዙ፤ ጥቁርም አይግዙ፣ አቧራና የነጠላ ብናኝ ያሳጣዋልና። አራት አምስት ቀለም የተቀላቀለበት፣ ጥለቱ መሐሉ ላይ ብዙ የሆነ፣ ወደ ቡናማና ወደ ደማቅ ቀይ ያደላ ይምረጡ። የሱቁን መብራት አይመኑ፤ ደጃፍ አስወጥተው በቀን ብርሃን ይዩት።

የባለቤትዎ ሐሳብም መልስ ይገባዋል። ፕላስቲክ ምንጣፍ ይረክሳል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ወጥ አይጠጣም፤ በዚህ ልክ ናቸው። ነገር ግን ፍም ሲነካው እሱም ይቀልጣል፣ ከሴራሚክ የሚወጣውንም ቅዝቃዜ አይከላከልም። ከሁሉ የከፋው ፕላስቲኩን አንጥፎ በላዩ ላይ የጨርቅ ምንጣፍ መደረብ ነው፤ ከላይ የፈሰሰው ውሃ መውጫ አጥቶ በሁለቱ መካከል ይቀርና ክረምት ሲገባ የሻጋታ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ሴራሚኩ ራሱ የሚወለወል ወለል ስለሆነ ሌላ ፕላስቲክ አያስፈልገውም። ባለቤትዎን የሚያስጨንቃቸው ወጪው ከሆነ ግን ሒሳቡን አብረው ይሥሩት፦ የቀድሞው ምንጣፍ ለአንድ ዓመት ተኩል 14,000 ብር ማለት በዓመት ከ9,300 ብር በላይ ነው፤ 30,000 ብር ሙሉውን ቢያወጡና ስድስት ዓመት ብቻ ቢያገለግል በዓመት 5,000 ብር ይሆናል።

ከገንዘቡ ትንሽ ለሥረኛው ንጣፍ ይተዉ። ሴራሚክ ጠንካራ ስለሆነ በተረገጠ ቁጥር ክሩ በሁለት ድንጋይ መካከል እንደገባ እህል ይፈጫል፤ ከሥሩ ለምንጣፉ ተብሎ የተሠራ የማያንሸራትት ስስ ንጣፍ ሲኖር ግን የእግሩን ምት ይካፈለዋል። ልጆች የሚሮጡበት ቤት ስለሆነ መንሸራተቱንም ይከላከላል።

እንግዲህ ምንጣፉ ተገዝቶ ገባ እንበል። ምንጣፍን ከውስጥ የሚቆርጠው ከጫማ የሚራገፍ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጸጉሩ ሥር ገብቶ በእያንዳንዱ እርምጃ ክሩን እንደ መጋዝ ይፍቀዋል። ስለዚህ በር ላይ ጫማ ማውለቅን ሕግ ያድርጉት፤ የጽዋ ማኅበርተኞችን «ጫማ አውልቁ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ቢያንስ ከበሩ ውጪም ከበሩ ውስጥም ሻካራ የእግር መጥረጊያ ይኑር። በሳምንት ሁለት ጊዜ አቧራ በሚስብ ማሽን ያጽዱ፤ ማሽኑ ከሌለ በወር አንድ ጊዜ ምንጣፉን በፊቱ ደፍተው ጀርባውን በዱላ ይምቱት፤ ሲያነሡት ወለሉ ላይ የሚያገኙት አሸዋ ያስገርምዎታል። በየስድስት ወሩ ጫፉን ወደ ራስጌ አዙረው ያንጥፉት፤ አለዚያ ልጆቹ ከመኝታ ወደ ኩሽና የሚሄዱበት መንገድ እንደ ከብት መሄጃ ተስሎ ይቀራል። ለአማትዎ የገዙት ሱፍ ከሆነ ደግሞ ብል የሚወደው ጨለማና የማይነካ ቦታ ስለሆነ ጥግ ላይ ረስተው እንዳያቆዩት፤ በወር አንድ ጊዜ ፀሐይ ያሳዩት።

ወጥ ሲፈስ መፈተግ የተለመደ ነው፤ ፈተጋ ግን ቅቤውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል፣ ጸጉሩንም ያሻክረዋል። የወፈረውን በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሐል እየገፉ ያንሡ። በላዩ ላይ ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር በብዛት ነስንሰው ለሁለት ሰዓት ይተዉት፤ ቅቤውን ይመጠዋል። ከጠረጉት በኋላ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አድርገው በነጭ ጨርቅ እየጫኑ ያንሡት፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ ሳሙናውን ያውጡ። ሳሙና የቀረበት ቦታ አቧራ ስለሚስብ ከሁሉም በፊት ይጠቁራል። ቡና ሱፍ ላይ ከፈሰሰ በውሃው ላይ ጥቂት አቼቶ ይጨምሩ። የጧፍ ሰም በበረዶ አድርቀው ይስበሩት፤ በወረቀት ላይ ለብ ያለ ካውያ ማሳለፍ የሚቻለው በሱፍ ላይ ብቻ ነው፣ ፖሊፕሮፒሊንን ካውያ ያጠፋዋል።

ሙሉ እጥበት በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ጊዜውም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ይሁን። በሐምሌ የታጠበ ምንጣፍ ሳይደርቅ ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ላቫጆ መውሰድዎ አይቀርም፤ ሲወስዱ ግን ግፊቱን ከአንድ ክንድ በላይ እንዲያርቁ፣ የመኪና ሳሙናም እንዳይጠቀሙ ቆመው ያሳስቡ። ቤት ሲመለስ ጀርባውን በእጅ መዳፍ ተጭነው ይሞክሩት፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት አልደረቀምና መልሰው አያንጥፉት።

የቀድሞውን ምንጣፍ እንዳይጥሉት። የተቃጠለው ጥጉ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከመሐሉ ካልተኛውና ቅባት ካልነካው ጎን ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይወጣዋል። ጠርዝ የሚሰፋ ሰው ዘንድ ወስደው ዙሪያውን ያስጠቅልሉት፤ የልጆቹ አልጋ ፊት ይሁን። ጸጉረ ረጅም ምንጣፍ ጠዋት ከአልጋ ወርዶ በባዶ እግር ለሚረግጠው ልጅ ደስ ይለዋል።